ደወሉ ድምፅ ያጣበት ፊልም

ፊልም ትወጃለሽ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። "አንድ አውቃለሁ፤ እሱም ሰው በልቶብኛል" እላቸዋለሁ። ይደነግጡና ወሬ ይቀይራሉ። ደግ አደረጉ። ከአፌ ሊወጣ እንቢ ያለኝ ነገር ስለሆነ፣ ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻለኛል።

የምንኖረው ቀየት በምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ ነበር። ደርግ ከወደቀ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ባሌ ደግሞ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቪዲዮ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በጭቃ የተመረገ አንድ ክፍል፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ከጓሮ እንደ ታመመ በሬ የሚያጓራ ጄኔሬተር። መብራት ገና አልገባልንም። ቅዳሜ ገበያው ላላ ሲል ሰው ይገባል፤ ባሌ ካሴቱን ያስገባል፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን ፊቴን ወደ ሰዉ አዙሬ ቆሜ እተረጉማለሁ። ትርጉሜ ላይ ቅመም እጨምር እንደነበር አልክድም። ፈረንጁ "ሂድ" ሲል እኔ "ከፊቴ ጥፋ፣ አንተ የማትረባ!" እላለሁ። ሰዉ ይወደው ነበር።

ያን ፊልም ባሌ ያመጣው ቆላ ወርዶ፣ አስፋልት ዳር ካለችው ከተማ ነው። ሽፋን የለው፣ ርዕስ የለው። የድሮ ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ተኩስ የለበት፣ ካራቴ የለበት።

"ይህንን ማን ያየዋል? ከስረሃል" አልኩት።

"ቆይ፣ እስከ ደወሉ ድረስ ታገሽ" አለኝ። እሱ እዚያው አይቶት ኖሯል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንዲት የተራራ ከተማ፣ ከጋራው ጀርባ የሆነ ነገር ከሰማይ ይወርዳል። ምን እንደሆነ አይታይም፤ እስከ መጨረሻው አይታይም። በማግስቱ ደወል ደዋዩ ገመዱን ይስባል። ደወሉ ይወዛወዛል፣ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማዋ ድምፆች በየተራ ይጠፋሉ። ዛሬ የውሻው ጩኸት፣ ነገ የወንዙ፣ ከነገ ወዲያ የሕፃኑ ልቅሶ። ሰዎቹ መጀመሪያ ይሳሳቃሉ። ኋላ ግን መደባበቅ ይጀምራሉ። ሁሉም የጎደለበትን ያውቃል፣ ለሌላው ግን አይናገርም። እንደሰማ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደሰማ ሆኖ ይስቃል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደወሉ ጋ ስንደርስ ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። "ኧረ ድምፁን!" "ስፒከሩን ነካ አድርገው!" "አጭበርባሪ!" ባሌ ሳቁን ውጦ ጥግ ይዞ ቆሟል። "አልተበላሸም! ደወሉ ራሱ ነው የጠፋበት!" ብዬ ጮህኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ፊቴ ወደ ሰዉ ስለሆነ ሁሉንም አያለሁ። አንዱ አፉን ከፍቷል፣ አንዷ ነጠላዋን ነክሳለች፣ ሁሉም ፊቱ ተለውጧል። ከሁሉም መሃል አንድ ፊት ብቻ አልተለወጠም። ድምፅ ሲጠፋም፣ ሰው ሲጮህም፣ ጸጥ ሲልም እንደነበረ ነው፤ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሎ ይመለከታል። የአባቴ ፊት ነው።

አባቴ የጓሳ ጠባቂ ነበሩ። ጓሳ፣ ያ የጋራ የሣር ሜዳችን፣ እንደ ልብ የሚገቡበት መሬት አይደለም። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሕዝቡ መክሮ ሲከፍተው ሁሉም በድርሻው ለቤት ክዳን ያጭዳል፣ ከብቱንም ያሰማራል። እስኪከፈት ድረስ የሚጠብቁት የታመኑ ሰዎች ናቸው። አባቴ ከአባታቸው የወረሱት ሥራ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥና አዲስ ኮሚቴ ሲመረጥ እንኳ እሳቸውን የነካቸው የለም።

ደግሞ የጉም ሕግ አለ። ጉም ሲወርድ ጠባቂው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቀንድ ይነፋል። መንገድ የጠፋው ሰው "የሰው ያለህ!" ብሎ ይመልሳል። ጠባቂው ጥሪውን እየሰማ፣ ቀንዱን እየነፋ ወደዚያ ይሄድና ያወጣዋል። ሦስት ጊዜ ነፍቶ መልስ ካጣ ሜዳው ላይ ሰው የለም ማለት ነው፤ ወደ ቤቱ ይገባል። ቀንዱ በሚነፋበት ሰዓት ሌላው ሰው ትንፍሽ አይልም። ከየደጁ ድምፅ ከተነሣ ጉሙ ውስጥ ያለው ሰው ግራ ይጋባል፤ የጓሳው ምሥራቅ ወገን ደግሞ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ይህን ሕግ እኛ ጋ የማያውቅ ሕፃን የለም።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲበተን አባቴን ከኋላቸው ተከተልኳቸው። "አባባ!" አልኩ። አልዞሩም። "አባባ!" ጮክ አልኩ፤ ሁለት ገበያተኞች ዞሩ፣ እሳቸው አልዞሩም። እጃቸውን ያዝኳቸው።

"ስንት ጊዜ ሆነዎት?"

አፌን አዩ፣ ከዚያ መሬቱን አዩ። "ሦስት ክረምት" አሉ። "የቅርብ ንግግር ከአፍ አየዋለሁ። የሩቁ ነው እንቢ ያለኝ።"

"ታዲያ በጉም ቀን ምን ሊውጥዎት ነው?"

"ውሻዬ አለ። ሰው ሲጠራ ጆሮውን አቁሞ ወደዚያ ይዞራል፣ እኔ እከተለዋለሁ። እስከ ዛሬ የጠፋብኝ ሰው የለም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ካወቁ ቀንዱን ይቀሙኛል። ከዚያ ምን እሆናለሁ? እንደ ድመት ምድጃ ዳር ልጎለት? ለማንም እንዳትናገሪ። ለባልሽም። ማርያምን በይ።"

"ማርያምን" አልኩ። እንዲህ በቀላሉ። የማይረባ አፍ!

ፊልሙ እንዲህ ያለ ስም ያተርፋል ብሎ የገመተ አልነበረም። ሌሎች ካሴቶች ሁለት ሦስት ቅዳሜ ታይተው ይሰለቻሉ፤ ያ ግን አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ሄደ። ሩቅ ካለችው ከራቤል ከተማ ድረስ በእግር የመጡ ሰዎች አሉ። ምኑ ነው እንዲህ የያዛቸው እያልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ጭራቅ የሚያሳዩ ፊልሞች ነበሩን፤ ጭራቁ ላስቲክ መሆኑ ይታወቅና ሰዉ ይስቅበታል። በዚህኛው የሚሳቅበት ነገር የለም። ሠሪው ያሳየን የሰሚዎቹን ፊት ብቻ ነው። ሲኒ ይወድቃል፤ ሲኒው ሲሰበር አናይም፣ አንዲት ሴት የሚሰበርበትን ድምፅ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ጆሮዋ ባዶ ሲሆንባት ነው የምናየው። ነገሩን እንዲያ አድርጎ ሊያስፈራ የሚችለው፣ እውነተኛ ፍርሃት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ነው።

ባሌማ አበደለት። ጄኔሬተሩ ዝምታውን ያበላሽብኛል ብሎ ከቤቱ ራቅ አድርጎ ጉድጓድ ቆፈረ፣ እዚያ ውስጥ ከተተው፣ ዙሪያውን ጭድ ጠቀጠቀበት። ሰው ሁሉ ሳቀበት። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን ደወሉ ሲወዛወዝ፣ ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ የራሴን የልብ ምት ሰማሁት። ባሌ ከጥግ ሆኖ ጠቀሰኝ። "አየሽ?" ማለቱ ነው። ያን ጊዜ በጣም ወደድኩት፤ ዛሬም የማስታውሰው በዚያች ጥቅሻ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት ግን የኔ መከራ ነበር። በከተማዋ መስማት የምትችል አንዲት ሴት ብቻ ትቀራለች። ሕዝቡ ሁሉ አደባባይ ተሰብስቦ ይከባታል። "የቀረ ድምፅ አለ? የሚሰማሽ ነገር አለ?" ብለው በእጃቸው ይጠይቋታል። ሴትዮዋ ዙሪያዋን ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ነገር ትላለች፣ ድምፅ የለም፣ ያልቃል። በቃ! ሰዉ ወደኔ ይዞርና "ምን አለች?" ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! አንዱን ቅዳሜ "እግዜር ይማረን አለች" እላለሁ፣ ሌላውን ቅዳሜ "ይመለሳል አለች" እላለሁ። የሚጨቃጨቁት ይጨቃጨቃሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ።

አባቴ ከፊተኛው አግዳሚ አይጠፉም ነበር። አንድም ቀን "ምን አለች?" ብለው ጠይቀው አያውቁም። አንዴ ብቻ፣ ስንወጣ፣ ጠጋ ብለው "ይህን የሠራው ሰው ደንቆሮ መሆን አለበት። አለዚያ እንዴት አወቀው?" አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት ካሴቱ አረጀ። ምስሉ ላይ በረዶ የመሰለ ነገር ይዘንብበት ጀመር፤ እሱስ ይሁን። ዝምታው ግን ተበላሸ። ደወሉ ሲወዛወዝ ከስፒከሩ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ደወሉ ላይ ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ባሌ ያን ቀን እራት አልበላም።

"ንጹሑን አመጣለሁ" አለ። "ዝምታው ያልተነካውን።"

"ለአንድ ካሴት ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት? አሁንስ ለየልህ!" አልኩት። ሳቀብኝ። ሐሙስ ወረደ። ዓርብ ከሰዓት በጓሳ በኩል ሊመለስ፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ ጓሳ ጥግ አባቴ ቤት ልጠብቀው፣ በነጋታው ጠዋት አብረን ወደ ቀየት ልንመለስና ለቅዳሜው ፊልም ልንደርስ ተነጋገርን።

ዓርብ አባቴ ቤት ስደርስ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን መሸፈን ጀምሮ ነበር። አባቴ ቀንዳቸውን ይዘው ወጥተዋል። በሩን ከፈትኩ። ውሻው ምድጃው ዳር ተኝቶ የፊት እግሩን ይልሳል። እግሩ እንደ ቅል አብጧል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳት ደጅ የቆመችውን ጎረቤታችንን።

"እሾህ ወግቶት። መርገጥ ስላቃተው ትተውት ወጡ" አለች።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ያለ ጆሮ ነው የወጡት። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ጉሙ ደጃፉ ድረስ ደረሰ፤ አጥሩ ጠፋ፣ የጎረቤት ቤት ጠፋ። ከዚያ ቀንዱ ተነፋ፣ ረጅም፣ ጥርት ያለ።

"የሰው ያለህ!"

የባሌ ድምፅ ነው። ፍርሃት የለበትም፤ እንዲያውም ቀልድ ቢጤ አለበት። ቀንዱን የሚነፉት አማቱ መሆናቸውን ያውቃላ! ጎረቤቶች ከየደጃቸው ብቅ ብቅ አሉ፤ በጉሙ ውስጥ ጥላቸው ብቻ ይታየኛል። ሁሉም እንደ ሕጉ ዝም።

ሁለተኛው ቀንድ ተነፋ። "የሰው ያለህ!" ትንሽ ቀረብ ብሏል። አባቴ ግን ወደዚያ አልተንቀሳቀሱም፤ የቀንዱ ድምፅ ከነበረበት ነው የመጣው። አፌን ከፈትኩ። ጎረቤታችን ክንዴን ያዘችኝ። "ዝም በይ፣ አንቺ! አባትሽ አሉ'ኮ፣ ያወጡታል" አለች በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን እናገራለሁ፤ መደበቁ ሰልችቶኛል። አባቴ አይሰሙም ብዬ ብጮህ፣ ነገ ቀንዱን ይቀሟቸዋል ብዬ አሰብኩ። ማርያምን ያልኩትን አሰብኩ። ምናልባት ይሄኛውን ይሰሙት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ባሌ እዚያ ማዶ እየጠራ እኔ እዚህ ቆሜ የአባቴን ክብር እመዝን ነበር። አንድ ጊዜ ይድገሙት፣ አንድ ብቻ፣ አልኩ።

ሦስተኛው ቀንድ ተነፋ። "የሰው ያለህ! ኧረ የሰው ያለህ!" አሁን ቀልዱ ከድምፁ ወጥቷል።

ከዚያ ቀንዱ ዝም አለ። ጠበቅን። የለም። ሜዳው ላይ ሰው የለም ብለው ወደ ቤት ሊመለሱ ነው። በየደጁ የቆሙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ጥሪውን ሰምተዋል፣ ቀንዱ ለምን እንዳቆመ አልገባቸውም፤ ግን ከጠባቂው በላይ ማን ያውቃል? ማንም ትንፍሽ አላለም። ያቺ የፊልሙ ከተማ ዓይኔ ላይ መጣች። ከጎረቤታችን እጅ ተመንጭቄ ወደ ጉሙ ሮጥኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ።

"ወዲህ! ወዲህ ና! እዚህ ነኝ!"

ጥቂት ቆየ። ከዚያ ከሩቅ፣ ደስ ያለው ድምፅ መለሰልኝ። "አንቺ ነሽ? መጣሁ!"

ሌላ ድምፅ አልሰማሁም። ደጋግሜ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ ደማ፣ መልስ የለም። በዚህ መሃል አባቴ ቀንዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። አፌ ክፍት እንደሆነ አዩኝ፣ ፈገግ አሉ።

"ባልሽ ቆላ አደረ መሰለኝ። ደግ አደረገ፤ ይህ ጉም የሚያስኬድ አይደለም" አሉኝ።

ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ገደሉ ሥር አገኙት። ለጄኔሬተሩ የገዛው ቤንዚን ፈሶ ሽታው ከላይ ይሰማ ነበር። ካሴቱ ግን በሚለብሰው የሱፍ ባና ተጠቅልሎ፣ ጀርባው ላይ ታስሮ፣ ጭረት እንኳ አልነካውም። ቀንዱን ትቶ ወደኔ ድምፅ ሲያቋርጥ ነው ገደሉ ያገኘው። ዝምታዬ ይሁን ጩኸቴ የገደለው ዛሬም አላውቅም። ቶሎ ብጮህ ኖሮ፣ ወይ ጨርሶ ባልጮህ ኖሮ እያልኩ ስንት ዓመት ጣሪያ ሳይ አደርኩ!

ለቅሶ ላይ አባቴ ሰዉን እየሰነጠቁ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ዓይናቸውን አፌ ላይ ተከሉ።

"ጠርቶ ነበር ወይ?" አሉኝ።

ሁሉም የሰማ ሰው እዚያው ተቀምጧል። ጎረቤታችን አለች፣ በየደጁ የቆሙት ሁሉ አሉ። ሁሉም አቀረቀረ። ከንፈሬን ቀስ አድርጌ፣ በደንብ እንዲያዩት አድርጌ "አልጠራም፣ አባባ" አልኳቸው።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሳምንቱ ቀንዱን ወስደው ለኮሚቴው አስረከቡ። ዓይኔ ደከመ አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ያን ሁሉ የጠበቅኩላቸው ቀንድ በራሳቸው እጅ ሄደ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ቀየት መጡ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ፣ አግዳሚው አቧራ ለብሶ ነበር። "ያን ያመጣውን አሳይኝ" አሉ። ጄኔሬተሩን ከጉድጓዱ ውስጥ አስነሣሁት፣ ካሴቱን ከባናው ፈታሁት። እሳቸው ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎናቸው ተቀመጥን። ባሌ እውነቱን ነው፤ ንጹሕ ነበር። ደወሉ ሲወዛወዝ አንዳች ነገር አይሰማም፣ "ሽሽሽ" እንኳ የለም። አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። አባቴ አልሰሙኝም።

መጨረሻው ደረሰ። ሕዝቡ ሴትዮዋን ከበባት፣ ጠየቃት። ዙሪያዋን አየች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

አባቴ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ "ውሸቷን ነው" አሉ። "አሳዝነዋት ነው እንጂ፣ ውሸቷን ነው። የምትዋሽ ሴት አፍ አውቃለሁ።"

እጃቸውን ጭኔ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። በሩ ላይ ሲደርሱ "አባባ!" ብዬ ጮህኩ። ወደ ጓሳ መንገድ ወጡ።